መናገሻ ሳትሆን የቀረችው ከተማ

በቀደም ዕለት አሥረኛ ክፍል ገብቼ ስለ አሜሪካ ጂኦግራፊ ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ አሜሪካኖች ሁሉ የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥያቄው የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ልጁ ያየው የኒውዮርክን ሥዕል ነው፤ ሌላ ያሳየው የለም፤ አስተማሪው እኔም አላሳየሁትም። እንግዲህ የዚህ ሳምንት ጽሑፌ ለዚያ ልጅ የምሰጠው መልስ ነው፤ አንባቢዎቼ አብረው ቢያደምጡም ደስ ይለኛል።

አሜሪካኖች «መካከለኛው ምዕራብ» የሚሉት ክፍል ከኦሃዮ ጀምሮ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ አልፎ እስከ ካንሳስና እስከ ዳኮታ የሚደርስ፣ በቆሎና ስንዴ የሚታረስበት ሰፊ ሜዳ ነው። በዚሁ ክፍል፣ በሚሺጋን ውስጥ፣ ከዲትሮይት ወደ ቺካጎ በሚወስደው መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ማርሻል የምትባል ከተማ ትገኛለች። ሕዝቧ 7 ሺህ አይሞላም፤ ከእኛ አገር የወረዳ ከተማ አትበልጥም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በመካከሏ ካሉት ቤቶችና ሱቆች ከ800 የሚበልጡት በ1991 ባንድነት የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብለው ተመዝግበዋል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አብዛኞቹም ገመድ ታስሮባቸው በዘበኛ የሚጠበቁ አይደሉም፤ ልጅ የሚያለቅስባቸው፣ ምሳ የሚበሰልባቸው፣ ጣሪያቸው ሲያፈስ ባለቤቱ የሚበሳጭባቸው መኖሪያዎች ናቸው።

ይህን ያህል የቆየ ቤት በዚህች በምታህል ከተማ እንዴት ሊተርፍ ቻለ? ሀብታም ስለ ነበረች ነው እንዳይባል፣ ከእርሷ እጅግ የከበሩት ከተሞች የአያቶቻቸውን ቤት አፍርሰው ጨርሰዋል። እኔ እንደ ተረዳሁት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማርሻል የተመኘችውን ሳታገኝ ስለ ቀረች ነው ቤቶቿ የተረፉት።

ከተማዋን በ1830 የቆረቆራት ከኒውዮርክ ግዛት የመጣ ሲድኒ ኬቸም የሚባል ሰው ነው። ስሟንም በዚያን ጊዜ በሕይወት ከነበረው ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ከጆን ማርሻል ወሰደላት። ገና ዛፉ ተቆርጦ ሳያልቅ የከተማዋ ሰዎች አንድ ትልቅ ሐሳብ ያዛቸው። ሚሺጋን በ1835 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ዲትሮይት ዋና ከተማ ሆና የምትቆየው እስከ 1847 ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ቋሚውን ቦታ ይመርጣል ይላል። ዲትሮይት ከወንዙ ማዶ እንግሊዞች የያዙት ካናዳ ስለሚታያት ለጠላት የተጋለጠች ናት የሚሉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ወደ መሀል አገር ገባ ያለች ከተማ ትፈለግ ነበር፤ ማርሻልም «እኔስ ምን ጎደለኝ?» አለች። አንዱን ኮረብታ «የምክር ቤት ኮረብታ» ብላ ሰየመችና መጠበቅ ጀመረች።

በ1839 ጄምስ ራይት ጎርደን የተባለ የሚሺጋን ሴኔት አባል ከዚሁ ኮረብታ አጠገብ ቤት ሠራ። ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ስሙም «የአገረ ገዥው ቤት» ነው። ዋና ከተማው ሳይመጣ የአገረ ገዥው ቤት ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው፤ በእኛ አነጋገር ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል። ነገር ግን በጎርደን ላይ ብዙ አልስቅበትም። በ1841 አገረ ገዥው ሥልጣኑን ለቆ ወደ ዋሽንግተን ሴኔት ሲሄድ ምክትሉ ጎርደን ቦታውን ተክቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሠርቷል። ስለዚህ ቤቱ አገረ ገዥ አላጣም፤ ያጣው ዋና ከተማውን ነው።

ቤቱን በፎቶግራፍ ሲያዩት መጠነኛ ነው፤ ቤተ መንግሥት ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ያዝናል። ፊቱ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ነጭ ዓምዶች ተደርድረው ከበላያቸው ሦስት ማዕዘን የሆነ የጣሪያ ግንባር ተሸክመዋል። ይህ የጥንት ግሪኮች ቤተ መቅደስ አሠራር ነው። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል አሜሪካኖች ባንኩንም፣ ፍርድ ቤቱንም፣ የገበሬውንም ቤት በዚህ መልክ ሠሩት። ምክንያቱም ግሪኮች በዚያን ጊዜ ከቱርክ አገዛዝ ለመውጣት ይዋጉ ስለ ነበር የአሜሪካ ሕዝብ ልቡ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ ደግሞም ሕዝብ ራሱን በራሱ ያስተዳደረባት አቴንስ ለእኛ እናት ናት ብለው ያምኑ ነበር።

የሚያስገርመው ግን ይህን ሁሉ የሠራው ግሪክን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ አናጢ መሆኑ ነው። አሸር ቤንጃሚንን የመሳሰሉ ሰዎች ለአናጢዎች የሚሆን መጽሐፍ እያሳተሙ፣ ዓምዱ ምን ያህል ይወፍር፣ ግንባሩ ምን ያህል ይዘንብል፣ በሥዕልና በቁጥር ያስተምሩ ነበር። አናጢው መጽሐፉን በመሣሪያው ሣጥን ውስጥ ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ እብነ በረድ ቢያጣ የሚሺጋንን ነጭ ጥድ ጠርቦ ዓምድ አደረገው፤ እብነ በረድ እንዲመስልም ነጭ ቀለም ቀባው። ዛሬ ሊቃውንቱ እንደሚነግሩን የግሪክ ቤተ መቅደሶች በጥንት ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። የማርሻል አናጢ ይህን አላወቀም፤ ባለማወቁም አንድ ሙሉ ከተማ ነጭ አደረገ።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሥራው ዘዴም ትንሽ ልጨምር፤ ቤት ስለ ተባለ ፊቱን ብቻ ማየት ስሕተት ነው። መጀመሪያ የመጡት ሰፋሪዎች ግንድ በግንድ ላይ ደራርበው ጎጆ ይሠሩ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ትልልቅ ወራጅና ምሰሶ ጠርቦ፣ አንዱን ቦርቡሮ ሌላውን እየሰካ የሚያቆም ነው። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም፤ ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ቀን ቆርጦ ይሰበሰብና ግድግዳውን ባንድነት ገፍቶ ያቆመዋል፤ ሴቶቹ ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ማታ ዘፈን ይሆናል። ለእኛ ሰው «ደቦ» ብል ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በኋላ ግን በመኪና የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨትና በመኪና የተሠራ ርካሽ ሚስማር መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀጫጭኑን ቋሚ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ማቆምና በሚስማር መምታት ብቻ ሆነ፤ ሁለት ሰው መዶሻ ይዞ ቤት ማቆም ቻለ። ይህን አሠራር «ፊኛ» አሉት፤ ነፋስ ይወስደዋል እያሉ የቀለዱበት አሮጌ አናጢዎች ናቸው ይባላል። ነፋሱ ግን አልወሰደውም፤ ደቦው ነው የቀረው።

አሁን ወደ ማርሻል ልመለስ። 1847 ደረሰ፤ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ዋና ከተማ እንድትሆን የተመረጠችው ዲትሮይትም አይደለችም፣ ማርሻልም አይደለችም፤ ላንሲንግ የምትባል፣ ከጥቂት ሰፋሪዎች በቀር ሰው የሌለባት፣ ጫካ ያለበሳት ቦታ ናት። የማርሻል ሰው እስከ ዛሬ «በአንድ ድምፅ ነው የተሸነፍነው» ብሎ ያወራል። ለምክር ቤት በተመኙት ኮረብታ ላይ በ1860 ትምህርት ቤት ተሠራበት። እኔ መምህር ስለ ሆንሁ ሳላዳላ አልቀርም፤ ቢሆንም ኮረብታው የከሰረ አይመስለኝም። ደግሞ የሚሺጋንን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሥርዓት ያሰቡት ሁለት ሰዎች፣ ቄስ ጆን ፒርስና ጠበቃው አይዛክ ክሬሪ፣ የማርሻል ነዋሪዎች ነበሩ፤ ፒርስም በ1836 የግዛቱ የመጀመሪያው የትምህርት ኃላፊ ሆኗል።

ዋና ከተማነቱ ቢቀርም የምድር ባቡር በ1844 ደርሶ ነበርና ከተማዋ ገና አልወደቀችም። የባቡሩ መጠገኛ ፋብሪካ እዚያው ነበር፤ ገንዘብም ይገባ ነበር። በዚህ ጊዜ የቤቱ መልክ ተለወጠ። ግሪክ ሰለቸና የጣሊያን ገጠር ቤት ተወደደ፤ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ፣ ከሥሩ የተቀረጸ የእንጨት ደጋፊ፣ ረጅምና ጠባብ መስኮት፣ ከጣሪያው ጫፍ ላይ እንደ ጉልላት የተቀመጠች ባለ መስኮት ክፍል። ነጭ ቀለምም ዓይን ይወጋል ተብሎ ተነቀፈ፤ የአፈርና የድንጋይ ቀለም መጣ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ቤት ግን ከማንም ጋር አይመሳሰልም። አብነር ፕራት የሚባል የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ከ1857 እስከ 1859 የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ በሃዋይ ደሴቶች ኖረ። ሃዋይ በዚያን ጊዜ የራሷ ንጉሥ ነበራት። ፕራት አገሩ ሲመለስ የደሴቱ ናፍቆት አልለቀቀው ኖሮ በ1860 በማርሻል መካከል አንድ ቤት አሠራ። ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ከፊቱ ከዳር እስከ ዳር ሰፊ በረንዳ አለው፤ በመሀሉ ማማ ተነሥቶ ጣሪያው የእስያን ቤተ ጣዖት ጣሪያ ይመስላል። የውስጡን ግድግዳ የሞቃት አገር ተክል አሣለበት። ሰዉም «የሆኖሉሉ ቤት» አለው። በረንዳው የተሠራው የባሕር ነፋስ እንዲገባ ነው፤ የማርሻል ክረምት ግን በረዶ ነው። ፕራት በብርዱ ውስጥ የሃዋይን ስስ ልብስ እየለበሰ ይዞር ነበር፤ የሳንባ ምችም የያዘው በዚያ ነው እያሉ ያወራሉ። ወሬው እንዳለ ይቆየን፤ እርግጡ ግን በ1863 መሞቱ ነው። ሦስት ዓመት እንኳ በደንብ ሳይኖርበት ነው።

እኔ ይህን ቤት እወደዋለሁ። የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ሦስት ዓይነት አሠራር ተደባልቆበታል ብለው ሊተቹት ይችላሉ። ነገር ግን በማርሻል ካሉት ቤቶች ሁሉ አንድ ሰው ከመጽሐፍ ሳይቀዳ የገዛ ትዝታውን በእንጨት የጻፈበት እርሱ ነው።

በ1870ዎቹ የባቡሩ ፋብሪካ ወደ ጃክሰን ተዛወረ። ሠራተኛው ተከትሎት ሄደ። ቀጥሎ ከተማዋ በፖስታ የሚላክ መድኃኒት በማምረት ትንሽ ተነሣች፤ ቅባቱ፣ ክኒኑ፣ ለሁሉም በሽታ ይሆናል የተባለው ጠርሙስ ሁሉ ከማርሻል ይወጣ ነበር። በ1906 መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ሕግ ሲያወጣ ይህም ከሰመ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ያ ድህነት ነው ቤቶቹን የጠበቃቸው። ዓምዱ ቀለሙ እየተላጠ፣ ደረጃው እየተንጋደደ፣ ግን ቆሞ ጠበቀ።

ድህነት የሚጠብቀው ግን ለጊዜው ነው፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ቤቱ ራሱ ይወድቃል። እዚህ ላይ ሃሮልድ ብሩክስ የሚባል ሰው መጣ። አባቱ ለቡአ ሕመምተኞች የሚሆን መታጠቂያ ፈልስፎ በፖስታ በመሸጥ የከበረ ነው። ልጁ ከ1925 እስከ 1931 የከተማዋ ከንቲባ ሆነ። ብሩክስ የሚወደው አንድ ነገር አሮጌ ቤት ነበር። ሊፈርስ የደረሰውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ያድሳል፤ ከዚያም ለሚጠብቅለት ሰው ይሸጠዋል። በ1857 የተሠራ የፈረስ ጋጣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት እንዲሆን አደረገ፤ ብዙ ከንቲባዎች ቢሆኑ ጋጣውን አፍርሰው ባለ መስታወት ሕንፃ ለመሥራት ዕቅድ ያቀርቡ ነበር። የሆኖሉሉን ቤትም በ1951 ገዝቶ ከመፍረስ አዳነው፤ የከተማዋ የታሪክ ማኅበር በ1962 ተረክቦት ሙዚየም አድርጎታል።

ከ1964 ጀምሮ ደግሞ በመስከረም ወር የተወሰኑ ባለቤቶች በራቸውን ከፍተው እንግዳ ያስገባሉ። እንግዳው ቲኬት ቆርጦ በሰው ሳሎን ውስጥ ያልፋል፤ ምድጃውን፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ የጥንቱን የበር እጀታ ያያል። ገንዘቡ ለቅርሱ ጥበቃ ይውላል። እኔ በበኩሌ ባለቤቶቹን አደንቃለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የማያውቁት ሰው መኝታ ቤት ድረስ ሲገባ ፈገግ ብሎ መቆም ቀላል ሥራ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ሁሉ ስለ ቆሙት ቤቶች ነው። አሁን ስላልቆመው አንድ ቤት እነግራችኋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም በእውነቱ እርሱ ነው።

በ1843 አዳም ክሮስዋይት የሚባል ጥቁር ሰው፣ ጌታው ልጆቹን ሊሸጥበት መሆኑን ሰምቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከኬንታኪ ባርነት አመለጠ። ማርሻል ደርሶ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ትንሽ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ይሠራ ነበር፤ ልጆቹም ይማሩ ነበር። በጥር ወር 1847 ጎሕ ሳይቀድ አራት ሰዎች ከኬንታኪ መጥተው በሩን ሰበሩ፤ አዛዣቸው የጌታው ዘመድ ፍራንሲስ ትራውትማን ነበር። ጎረቤቱ ሰምቶ ወጣ፤ ጥቁርም ነጭም ነበረበት፤ ሕዝቡ ከመቶ በላይ ሆኖ ቤቱን ከበበ። ትራውትማን የሚቃወሙትን ሊከስ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ስማቸውን ጠየቀ። ባንከኛው ቻርልስ ጎርሃምና ሌሎቹም ሳይደብቁ ስማቸውን ነገሩት። ያስፈራራ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ቤት ሰብሮ በመግባት የተከሰሰው እርሱ ራሱ ሆነ። ፍርድ ቤት ቆሞ ሳለ የክሮስዋይት ቤተሰብ በጋሪና በባቡር ዲትሮይት ደርሶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካናዳ ገባ።

በኋላ ጌታው ዲትሮይት ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ1848 የማርሻል ሰዎች ተፈርዶባቸው ወደ 2 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍሉ ሆነ። የኬንታኪ ሰዎችም ጉዳዩን እስከ ዋሽንግተን አደረሱት፤ በ1850 ለወጣው፣ ያመለጠ ባሪያ እየተያዘ ለጌታው እንዲመለስ ለሚያዘው ከባድ ሕግ አንዱ ምክንያት ይኸው የማርሻል ነገር ነው ይባላል።

አንባቢ ዓመቱን ልብ ይሏል? ምክር ቤቱ ላንሲንግን የመረጠበት ዓመት ነው፤ ያ ራሱ 1847። በዚያው ዓመት ከተማዋ አንድ ነገር አጣች፤ አንድ ነገርም ሠራች። ያጣችው ነገር ቤት ተሠርቶለት የነበረ ነው፤ ቤቱም ተጠብቆ አለ። የሠራችው ነገር የተሠራበት ቤት ግን ዛሬ የለም። ዓምድ አልነበረውም፤ ከግሪክም ከጣሊያንም የተቀዳ ነገር አልነበረበትም፤ ሊገዛው የመጣ ከንቲባም አልነበረም። በቦታው አጠገብ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል።

ብሩክስን ለመውቀስ አይደለም፤ ያለ እርሱ ሌላውም ባልተረፈ ነበር። ነገር ግን ቅርስ ስንል ዘወትር ዓይናችን የሚሄደው ወደ ዓምዱ ነው። የሀብታም ቤት የሚቆየው ከጥሩ እንጨት ስለ ተሠራ፣ ወራሽ ስላለው፣ ሠዓሊም ፎቶግራፍ አንሺም ስለሚጎበኘው ነው። በ1933 የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ያጡትን የሕንፃ ነዳፊዎች ቀጥሮ በአገሩ ሁሉ ያሉትን ጥንታዊ ሕንፃዎች እየለኩ በወረቀት እንዲያስቀሩ ሲያደርግ፣ የሆኖሉሉ ቤት በዚያ መዝገብ ገብቷል። የክሮስዋይትን ቤት ስፋትና የመስኮቱን ቁጥር ግን ከዚያ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በ2023 የፎርድ ኩባንያ ለኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚሆን የባትሪ ፋብሪካ ከማርሻል አጠገብ እንደሚሠራ አስታወቀ። ግማሹ ነዋሪ ሥራ መጣልን ብሎ ደስ አለው፤ ግማሹ የእርሻው መሬትና የከተማዋ ጸጥታ ይጠፋል ብሎ ተቃወመ። ከተማዋ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ስትመኘው የኖረችው ሀብት መጣ ማለት ነው፤ ድህነት ለጠበቃቸው ቤቶች ሀብቱ ምን እንደሚያደርጋቸው የሚያዩት ልጆቻቸው ናቸው።

አዳም ክሮስዋይት ግን ከካናዳ አልቀረም። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ባርነት ሲሻር ቤተሰቡን ይዞ ወደ ማርሻል ተመለሰ። በ1878 እዚያው ሞተ፤ የተቀበረውም በከተማዋ መካነ መቃብር ነው።

በሚመጣው ሳምንት አሥረኛ ክፍል ስገባ ሦስት ሥዕል ይዤ እገባለሁ፤ የአገረ ገዥውን ቤት፣ የሆኖሉሉን ቤትና ድንጋዩን። የጠየቀኝ ልጅ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል በሦስተኛው ረድፍ ነው።